የሚጮኸው መንጋጋ

ሶፋ ሰሪውን ሰፈሩ ሁሉ «ምስማሩ» እያለ ነው የሚጠራው። ሥራ ላይ ሲሆን ትንንሽ ምስማሮችን አፉ ውስጥ ይወረውርና በምላሱ እያገላበጠ፣ አንድ በአንድ በከንፈሩ እያወጣ ይመታል። በዚያ ሰዓት ሰላም ያለው ሰው መልሱን የሚያገኘው በአፍንጫ ነው። ታናሽ ወንድሙን ደግሞ «ዳኛው» ይሉታል። ዳኛው አርባ ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ ትከሻው የበር ያህል፣ ፊቱ ግን የልጅ ፊት ነው። በማንኛውም ነገር ላይ የሚሰጠው ፍርድ ሁለት ዓይነት ብቻ ነው፤ «ትክክል ነው» ወይም «ትክክል አይደለም»። ይግባኝ የለውም። ልጅ ሳለ እናታቸው ይዛው ያልዞረችበት ደጅ አልነበረም። በመጨረሻ አንድ ሐኪም ኦቲዝም የሚባል ነገር መሆኑን ነገራት። እሷም «ስሙን ካወቅነው ይበቃናል» ብላ ወደ ቤቷ ይዛው ተመለሰች፤ እስክትሞት ድረስም ከጎኗ አልለየችውም።

እሷ ከሞተች ወዲህ ዳኛው የሚኖረው ከምስማሩና ከምስማሩ ባለቤት ጋር ነው። ቀን ቀን ሱቅ ይውላል። አሮጌ ሶፋ ሲመጣ ቆዳውን የሚገፈው እሱ ነው፤ የዛገውን ምስማር በፒንሳ እየነቀለ፣ የቀናውን ለብቻ፣ የጎበጠውን ለብቻ ያስቀምጣል። እየጮኸ አየር የሚነፋው ኮምፕሬሰር ሊነሳ ሲል ትልቁን የጆሮ መሸፈኛ ይደፋል፤ ሲጠፋ ወደ አንገቱ ያወርደዋል። ባለመስመር ጨርቅ ተሰፍቶ መስመሩ ከመስመሩ ካልገጠመ «ትክክል አይደለም» ይላል። ምስማሩ እያጉረመረመ ይፈታዋል፤ እሱ ካልፈታው ደግሞ ዳኛው ራሱ ይፈታዋል።

ጣጣው የጀመረው በዳቦ ነው። ዳኛው የዳቦውን ቅርፊት እየላጠ ወዲያ ያስቀምጥ ጀመር። ቀጥሎ ሻይ ውስጥ ካልዘፈዘፈው አልበላም አለ። ቀጥሎ ዳቦውንም ተወና ሾርባ ብቻ ሆነ። ምስማሩ አመል መሰለው፤ ወንድምየው አንዳንዴ እንዲህ ያለ ነገር ያመጣል፤ አንድ ሰሞን ሳህኑ ክብ ካልሆነ አልነካም ብሎ ቤቱን ሲያምስ ነበር። ኋላ ግን ሥራ መሃል ፒንሳውን ጣለና ቀኝ ጉንጩን በመዳፉ ይመታ ጀመር።

«ምን ሆነሃል?» አለው ምስማሩ፣ ምስማሮቹን ወደ እጁ ተፍቶ።

«ይጮሃል።»

«ምኑ ነው የሚጮኸው?»

«ይጮሃል።»

ምስማሩ ኮምፕሬሰሩ መስሎት አጠፋው። «አሁንስ?»

«ይጮሃል።»

አጠገባቸው ያለው ብረት ቤት ሄዶ፣ ለምኖ፣ መቁረጫቸውን አስቆመ። እያለከለከ ተመለሰ። «እሺ፣ አሁንስ?»

«አፌ ይጮሃል» አለ ዳኛው፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ።

ማታ ላይ የምስማሩ ባለቤት ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና የገዛ አፏን በሰፊው ከፈተች። መዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት፤ ሰውን አፍ ማስከፈት ሥራዋ ነው። ዳኛው አያት አያትና እሱም ከፈተ። የስልኳን መብራት ስታበራ ከኋላ ያለው መንጋጋ ጠቁሮ፣ መሃሉ ተቦርቡሮ፣ ድዱ አብጦ ታየ።

«ወይ አበሳዬ!» አለ ምስማሩ። «ታዲያ የታመመ ሰው አመመኝ ይላል እንጂ ይጮሃል ይላል?»

«እሱስ ተናግሯል» አለች ባለቤቱ፣ መብራቱን እያጠፋች። «ኮምፕሬሰር ስታጠፋ የዋልከው አንተ ነህ።»

ወሬው ለታናሽ እህታቸው የደረሰው በማግስቱ ነው። እህትየው ከከተማው ሌላ ጫፍ ትኖራለች፤ ምክሯ ግን ከስልክ ላይ አይጠፋም። «ወንድም ጋሼ፣ ቅርንፉድ አድርግለት» አለች። ቀጥላ ደወለችና «በጨው ውኃ ያጉመጥምጥ» አለች። ቀጥላ ደወለችና የእንቅልፍ ክኒን ሻይ ውስጥ እንዲደብቅ መከረች።

«ስኳር ሲቀነስበት የሚያውቅ ሰው ክኒን አያውቅም?» አለ ምስማሩ። «ከዛሬ ወዲያ ሻይ የሚባል ነገር እንዳይጠጣ ልታደርጊው ነው?»

«እንግዲያውስ ጠንካራ ጠንካራ ጎረምሶች ጠርተህ አስይዘው።»

«እሱን የሚይዘው ጎረምሳ ገና አልተወለደም። አንቺ ነይና ያዢው!»

«እኔማ ልጆቹን ለማን ጥዬ?» አለች፤ ስልኩም በአጋጣሚ ተቋረጠ።

ምስማሩ የራሱን ዘዴ ዘየደ፤ ዘዴውም ውሸት ነበር። «ተነስ፣ ጨርቅ ልንገዛ ነው» አለው። ዳኛው የጨርቅ መደብር ነፍሱ ነው፤ የቆሙትን ጥቅሎች በጣቱ ጫፍ እየዳሰሰ ከዳር እስከ ዳር መሄድ ይወዳል። ንጹህ ሸሚዙን ለብሶ፣ የጆሮ መሸፈኛውን አንገቱ ላይ አጥልቆ ተከተለው። ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነበር። ደረጃውን ሲያጋምሱ ሽታው ተቀበላቸው፤ ያ የጓንትና የመድኃኒት ሽታ። ግድግዳው ላይ እጅና እግር የተሳለለት ጥርስ እየሳቀ ቆሟል። ዳኛው ቀጥ አለ።

«ይሄ የጨርቅ መደብር አይደለም።»

«መጀመሪያ እዚህ ትንሽ ጎራ ብለን፣ ከዚያ...»

«ጨርቅ ብለሃል። ዋሸህ።»

እዚያው ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። መሸፈኛውን ጆሮው ላይ ደፍቶ ወደ ፊት ወደ ኋላ ይወዛወዝ ጀመር። ወደ ላይ አይወጣ፣ ወደ ታች አይወርድ። ምስማሩ ለመነ፣ ተቆጣ፣ እንደገና ለመነ። ወጪ ወራጁ በላያቸው እየተራመደ አለፈ። አንዲት ሴትዮ ከንፈሯን መጠጠችና የዳኛው ጭን ላይ ሳንቲም ጣል አደረገች። ዳኛው ተነስቶ ተከትሏት ወረደና «የኔ አይደለም» ብሎ መለሰላት። ከዚያ ተመልሶ መጥቶ እዚያው ደረጃ ላይ ተቀመጠ! ምስማሩ የቱን ብሎ የቱን እንደሚተው ጠፋው። አንዴ ተነስቶ ከወረደ ወዲያማ በዚያው ቢሄድ ምን ነበረበት?

ሐኪሙ የጩኸቱን ምክንያት ሊያይ ወጣ። ከላይ ሆኖ ሲያያቸው ቆየና «እንዲህ ያለ ታካሚ እኛ አንችልም፤ ሆስፒታል ተወስዶ ሙሉ በሙሉ በሰመመን ነው የሚሠራለት» አለ። ለእብጠቱ የሚሆን አንቲባዮቲክና ማስታገሻ ጻፈለትና ገባ። መድኃኒቱን ዳኛው ዋጠ፤ መድኃኒት መሆኑን የምስማሩ ባለቤት ነግራው ነዋ። ጩኸቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

ሆስፒታል ምስማሩ ብቻውን ሄደ። ከመስኮት ወደ መስኮት ሲላክ ዋለ። «እዚህ አይደለም፣ በዚያ በኩል ነው» ይሉታል፤ በዚያ በኩል ሲሄድ «ማን ላከህ?» ይሉታል። በመጨረሻ ካርድ ክፍል ያለችው ሠራተኛ ቀና ብላ አየችውና «ታካሚው የታለ?» አለችው።

«ታካሚው አልመጣም። ሐኪም ቤት ስለሚፈራ ነው እኮ ጉዳዩን ልጨርስ የመጣሁት።»

«ታካሚው ካልቀረበ ካርድ አይወጣም።»

«እሱ መቅረብ ቢችል ኖሮ እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?»

«ጋሼ፣ ተረኛ ይቅደም» አለችው።

ቆሽቱ አረረ። በሌላ ቀን ታካሚውን ሊያቀርብ ተነሳ፤ በዚህ ጊዜ ሳይዋሽ «ሆስፒታል ነው የምንሄደው» አለው። ዳኛው አብሮት መጣ፤ ግን ከመንገዱ ማዶ የግቢውን በር ሲያይ የመብራት ምሰሶ አቅፎ ቀረ። «እማዬ» አለ ብቻ። እናታቸው የገባችው በዚያ በር ነበር። ስትገባ ጉንጩን ስማው «ነገ እመጣለሁ» ብላው ነበር፤ እውነትም ነገ የምትመጣ መስሏት ነው። ዳኛው በማግስቱ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ጠበቃት። ከተቀበረች በኋላም ብዙ ጊዜ ጠበቃት። ምስማሩ ይህ ሁሉ ትዝ ሲለው ሆዱ ባባ፤ ባባ እንጂ ምሰሶው አልተለቀቀም። ፀሐይ አናታቸው ላይ ወጥታ፣ ላቡ ወርዶ፣ አላፊ አግዳሚው ቆሞ እያያቸው፣ «በል ተወው፣ ቤት እንሂድ» እስኪለው ድረስ ዳኛው ምሰሶውን እንዳቀፈ ነበር።

«ከድጡ ወደ ማጡ» አለ ቤት ገብቶ ጫማውን እየወረወረ። «እኔ በቃኝ። ቢፈልግ ይጩህበት።»

ባለቤቱን ግን ገና አልበቃትም። በማግስቱ ከሥራ ስትወጣ በየጥርስ ክሊኒኩ እየገባች አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፤ «የሚፈራ ትልቅ ሰው ታክማላችሁ?» አንዱ ሳቀ፤ አንዱ «ያምጡትና እናየዋለን» አለ። አንዲት ወጣት ሐኪም ግን ወንበር ስባ «ምኑን ነው የሚፈራው?» አለቻት። ባለቤቱ እሷን ይዛ መጣች፤ ማለቴ ቀጠሮዋን።

ይቺ ሐኪም ክሊኒኳ ምድር ቤት ነው፤ ሦስት ክፍል፣ ንጹህ፣ ጠበብ ያለ። በመጀመሪያው ቀን ነጭ ጋውኗን አውልቃ በር ላይ ጠበቀቻቸው። «ዛሬ ምንም አናደርግም» አለች።

«ምንም?» አለ ምስማሩ።

«ምንም። ክፍሉን አይቶ ይሄዳል።»

«ዶክተር፣ እኔ እኮ ሥራ ፈትቼ ነው የመጣሁት። ምንም ላታደርጊ ለምን አስመጣሽን?»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ጋሼ።»

«እንቁላል እግር የለውም» አለ ዳኛው።

ሐኪሟ መለስ ብላ አየችው። «የለውም» አለች። «ልክ ነህ፣ ተረት ነው። እኔ ያልኩት፣ ዛሬ ታያለህ፣ ከዚያ ትሄዳለህ። ሌላ ነገር የለም።» ከዚያ ቀን ወዲህ ዳኛው ፊት ተረት አልወጣትም።

ዳኛው ከበሩ ሳያልፍ ክፍሉን አየ። ሄዱ። በሌላ ቀን መጡ፤ ገብቶ ወንበሩን በጣቱ ነካና ወጣ። ሄዱ። በሌላ ቀን ገባ፣ ሲዞር ቆየ፣ የመብራቱን ክንድ ገፋ አደረገና «ይንጫጫል፤ ትክክል አይደለም» ብሎ ወጣ። ሐኪሟ ዘይት ጠብ እንደምታደርግበት ነገረችው። ምስማሩ በእያንዳንዱ ጊዜ ሱቅ ይዘጋል፤ ደንበኛ ይቆጣል፤ ግማሹ የተሸፈነ ሶፋ መሃል ቤት አንጀቱ ወጥቶ ይጠብቀዋል። «ወንድሙን ጥርስ ሊያስነቅል ሄዷል» ሲባል የሰነበተ ደንበኛ፣ «ሰውየው ስንት ጥርስ ነው ያለው?» ብሎ ጠየቀ አሉ።

በዚህ መሃል ምስማሩ ብልሃት መጣለት። አንድ ፀጉር አስተካካይ ቆዳው የተቀደደ ወንበሩን ሊያስለብስ አምጥቶ ነበር፤ ወደ ኋላ የሚተኛ፣ በፔዳል ከፍ ዝቅ የሚል። «የጥርስ ወንበር ማለት ይኸው አይደል እንዴ?» አለ ምስማሩ። ሱቁ ውስጥ ዳኛውን አስቀመጠው፤ አስተኛው፤ የእጅ ባትሪ አፉ ላይ አበራ፤ በሻይ ማንኪያ ጥርሱን ነካ ነካ አደረገ። ዳኛው አፉን ከፍቶ ጸጥ! እንደውም ወደደው። ጠዋት ሱቅ ሲከፈት መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ወንበር ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ወንበሩን ሊወስድ ሲመጣ ተኝቶበት አገኘው፤ አልነሳም አለው። ጭቅጭቁን ምስማሩ በስንት ልመና አበረደና ተስፋው ሰማይ ነክቶ ወደ ክሊኒኩ ሄዱ። ባለቤቱንም «ነይ፣ ዛሬ ያልቃል፤ ታያለሽ» ብሎ አስከተላት።

አላለቀም። ዳኛው ወንበሩ ላይ ወጣ፤ ተጋደመ። አፉንም ከፈተ። ሐኪሟ ጓንቷን አጥልቃ እጇን ወደ ፊቱ ስታስጠጋ ሽታው አፍንጫው ገባ። እንደ ወስፈንጥር ተስፈንጥሮ ተነሳ፤ መብራቱን በግንባሩ መታው፤ የዕቃዎቹ ትሪ ወለሉ ላይ ተበተነ። መጠበቂያው ክፍል ሄዶ ጥግ ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ምስማሩ ተከትሎት ወጣ። ሰው ተቀምጦ ተራ ይጠብቃል። አላስቻለውም። «ምን ልሁንልህ?» ብሎ ጮኸ። «ሱቄን ዘጋሁ! ደንበኛ አጣሁ! ከሰው ተጣላሁ! ቆሽቴን እኮ አሳረርከው! ንገረኝ እንጂ፣ ምን ላድርግልህ?»

ዳኛው ጆሮውን ይዞ ቆየ። የተቀመጡት ሰዎች ወለል ወለሉን ያያሉ። ምስማሩ ራሱ ባሰማው ድምፅ አፍሮ ትንፋሹን ሲሰበስብ፣ ዳኛው ከግድግዳው ሳይዞር «ግባና ውጣ» አለ።

«ምን?»

«አንተ ግባ። ከዚያ ውጣ።» ግንባሩን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። «እማዬ ገባች። አልወጣችም።»

ምስማሩ ያን ሁሉ ቀን የሚያስበው ስለ መርፌ ነበር። ስለ ሕመም፣ ስለ ሽታ፣ ስለ መሰርሰሪያው ድምፅ። አጠገቡ ባገኘው ወንበር ላይ ቁጭ አለ። ብዙም አልተቀመጠ፤ ሐኪሟ ሁሉንም በሩ ላይ ቆማ ሰምታለች።

«ጋሼ፣ ይግቡ» አለችው።

«ወዴት?»

«ወንበሩ ላይ ነዋ።»

«እኔ ጤነኛ ነኝ።»

«እሱን እኔ ልየው።»

ወደ ባለቤቱ ዞረ። እሷ ቦርሳዋ ውስጥ የጠፋባት ነገር እንዳለ ሁሉ አንገቷን ቀብራ ትበረብራለች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ምስማሩ በሕይወቱ የጥርስ ወንበር ላይ ወጥቶ አያውቅም። ለምን እንዳልወጣ እሱና እሷ ብቻ ያውቃሉ።

ተጋደመ። ሐኪሟ አፉን ስታይ ቆየች። «ምን ሲቆረጥሙ ኖረው ነው፣ ጋሼ?»

«ምስማር።»

የቀለደ መስሏት ሳቀች። ኋላ ሳቋን አቆመች። «የፊቶቹ ተሸራርፈዋል፤ እነሱስ ይቆዩ። ከኋላ ያለው ግን አልቆለታል። መነቀል አለበት።»

«ዛሬ?»

«ወንድምዎ እያየ ነው» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ።

እውነትም ዳኛው የጆሮ መሸፈኛውን ደፍቶ በሩ ላይ ቆሟል። ሐኪሟ ለሁለቱም እንዲሰማ ጮክ ብላ፣ «እጅ ካነሡ አቆማለሁ» አለች። ምስማሩ ገና መርፌውን ሲያይ እጁን አነሳ። አቆመች። ወደ ኋላ አለች፣ ጠበቀች፣ ደግማ ቀረበች። አሁንም አነሳ። አሁንም አቆመች። ዳኛው የሚያየው የወንድሙን አፍ ሳይሆን እጁንና የእሷን እጅ ነበር። ምስማሩ ከዚያ በላይ ማንሳት አሳፈረውና ዓይኑን ጨፈነ። መንጋጋው ሲወጣ ሰውነቱ በሙሉ እንደ ተፈታ ሶፋ ሆነ።

ጉንጩ በጥጥ ተወጥሮ ተነሳ። ዳኛው ቀረበና መሸፈኛውን አወረደ። «አመመህ?»

«አላመመውም!» አለች ሐኪሟ ፈጠን ብላ።

ምስማሩም «ምንም!» ሊል ከንፈሩ ጫፍ ደርሶ ነበር። ያ የጨርቅ መደብር ውሸት ትዝ አለው፤ ደረጃው፣ ሳንቲሙ። ሌላ እንዲህ ያለ ቀን መሸከም አይችልም።

«መርፌው አመመኝ» አለ በደነዘዘ አፉ። «ከዚያ ደነዘዘ። ሲነቀል ይገፋል። አጥንትህ ውስጥ ድምፅ አለው። ደስ አይልም። ግን አለቀ።»

ሐኪሟ ደነገጠች። ዳኛው ግን የወንድሙን ፊት፣ ያበጠውን ጉንጩን፣ ቀጥሎ የክሊኒኩን በር አየ። «ና ውጣ» አለው። ወጡ። መንገድ ላይ ከቆሙ በኋላ ከራስ ጸጉሩ እስከ ጫማው አየውና «ወጣህ» አለ።

ያን ሳምንት ዳኛው ከወንድሙ ዓይኑን አልነቀለም። ሲበላ ያያል፤ ሲያጉመጠምጥ ያያል፤ ጠዋት ሲነሳ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። «ኧረ አልሞትኩም፣ ዞር በልልኝ!» ይላል ምስማሩ። ምስማር አፉ ውስጥ መወርወር አቅቶት በእጁ እየያዘ ሲመታ ጣቱን ስለሚቀጠቅጥ፣ ንዴቱ የሁለት ሰው ሆኖ ነበር። በስተመጨረሻ ዳኛው ራሱ «ማክሰኞ እገባለሁ» አለ።

ማክሰኞ በቀላሉ አለፈ የሚል ሰው ካለ ዋሽቷል። ሐኪሟ ሽታ የሌለው ጓንት ፈልጋ አግኝታ ነበር። የምታደርገውን ሁሉ ከማድረጓ በፊት ተናገረች፤ ያም ሆኖ ዳኛው እጁን ያነሳበት ጊዜ ሊቆጠር አይችልም። ባነሳ ቁጥር አቆመች። አንዴ ተነስቶ ሄደ፤ ምስማሩ «አበስኩ ገበርኩ!» እያለ ሲከተለው መንገድ ዳር ቆሞ አገኘው። መኪና ሲያይ ቆየና ማንም ሳይለምነው ተመልሶ ገባ። መርፌው ሲገባ እንደ በሬ አጓራ፤ የወንድሙን ጣት፣ ያንን የተቀጠቀጠውን፣ ጨብጦ ጨመቀው። ምስማሩም አብሮ ጮኸ። መጠበቂያ ክፍል የነበረች አንዲት ወጣት ጥርሷን በሌላ ቀን ብትታይ እንደሚሻል ወስና ሄደች።

መንጋጋው ወጣ። ሐኪሟ ላቧን በክንዷ ጠረገች።

«ጩኸቱስ?» አለው ምስማሩ።

ዳኛው ራሱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠ። ሲያዳምጥ ቆየ። «ሌላ አፍ ሆነ» አለ፤ ምን ማለቱ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባቸውም፤ ግን በሦስተኛው ቀን ዳቦውን ከነቅርፊቱ በላ።

እህትየው ደወለችና «አላልኩህም? ጠንከር ስትልበት እሺ ይላል!» አለች። ምስማሩ ስልኩን ለባለቤቱ አቀብሎ ወደ ጓሮ ወጣ።

ዳኛው ገና ሁለት የሚሞሉ ጥርሶች ቀርተውት ስለነበር ደጋግመው ሄዱ። በየጊዜው ምስማሩ ቀድሞ ይገባል፤ ዳኛው ያለዚያ አይሆንም ይላል። ሐኪሟ ከምስማሩ አፍ የምትነካው ነገር ሲጠፋት ጥርሱን ታጸዳለት ነበር። «ጥርሱ የእሱ፣ ወንበሩ የኔ» ይላል ምስማሩ እየተነጫነጨ፤ ሸሚዙን ግን ከማታ ጀምሮ ተኩሶ ያስቀምጣል።

ሆስፒታሉ ሌላ ነገር ነው። ዳኛው እዚያ አልገባም፤ የሚገባም አይመስልም። ብቻ፣ በዓመቱ እህትየው የሐሞት ጠጠር ተገኝቶባት ለቀዶ ሕክምና ተቀጠረች። ምስማሩ ከመግባቷ በፊት ደውሎ አስጠነቀቃት። «‹ነገ እመጣለሁ› ብለሽው እንዳትሄጂ፤ እኔ ነኝ ኋላ የምከፍለው። የሚሉሽን እንዳለ ንገሪው።»

እሷም ልክ እንዳላት አደረገች። «ሐሙስ እገባለሁ። በመድኃኒት ያስተኙኛል፤ ሆዴን ይቀዱኛል፤ ይሰፉኛል። ቅዳሜ ትወጫለሽ ብለዋል፤ ሊቆይም ይችላል። እፈራለሁ» አለችው። የመጨረሻዋን ቃል ማንም አላዘዛትም።

ቅዳሜ ጠዋት ዳኛው ሱቅ አልሄድም አለ። ምስማሩ ጉዱ ምን እንደሆነ ገብቶት፣ እየተሳደበ፣ ሥራውን ጥሎ ተከተለው። የመብራት ምሰሶው ዘንድ ቆሙ። ቆይቶ ዳኛው መንገዱን ተሻገረ። በሩን አለፈ፤ ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲያ አንድ እርምጃ የለም። ቅዳሜን እዚያ ዋሉ። እህትየው አልወጣችም፤ ትኩሳት ይዟት ነበር። ምስማሩ ከውስጥ እየተመላለሰ የሚሉትን እንዳለ ነገረው። እሑድም ሄዱ። ምስማሩ ወገቡ ተቆረጠ፤ «ይሄ አግዳሚ ስፖንጅ የለውም፤ የሠራው ሰው ይጠየቅበት» እያለ ከጎኑ ተቀመጠ።

ከቀትር በኋላ እህትየው ባሏን ተደግፋ፣ ሆዷን ይዛ፣ ቀስ እያለች ወጣች። ዳኛውን ስታይ እንባዋ መጣ። «ወንድሜ! ጠበቅከኝ?»

«ቅዳሜ ነበር» አለ ዳኛው።

«ሊቆይ ይችላል ብዬህ ነበር እኮ።»

አሰበበት። «ብለሻል» አለ። ቦርሳዋን ከባሏ እጅ ወሰደና ማንንም ሳይጠብቅ ከበሩ ውጭ ወደቆመው መኪናቸው ቀደመ።